ፒክአፑ አልነሳ ሲል፦ ባትሪም ሞተሪኖም ከመግዛታችሁ በፊት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቸኩላችኋል። ቁልፍ ታዞራላችሁ። ጠቅ። ከዚያ ዝም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው። ወይ የሰፈር ጎረምሳ ሰብስቦ ያስገፋል፣ ወይ ሄዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። አዲሱ ባትሪ ይገባል፣ መኪናው ሁለት ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ እንደገና ጠቅ።

እኔም እንዲሁ ነው የተበላሁት። ባትሪ ገዛሁ፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ስታርተር) አስፈታሁ፣ ጥፋቱ ግን ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚወርደው የማሳ ገመድ ሆኖ ተገኘ። ከላይ ስታዩት ደህና ነበር። የተጠቀለለበትን ናስትሮ ስንልጠው ግን ውስጡ እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከመዳቡ ክሮች ግማሹ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሕግ አንድ ነው፦ ሳትለኩ ምንም አትግዙ።

የምጽፈው የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስን እያሰብኩ ነው። ፖምፓቸው ሜካኒካል የሆነውን የድሮዎቹን (2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል ሞተር) እና በኮምፒውተር የሚሠሩትን ዲ-ፎር-ዲዎች። ሌላ ፒክአፕ ካላችሁም አብዛኛው ያው ነው፤ የፊውዝና የሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ቦታ ብቻ ይለያያል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ፦

- ዲጂታል ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ)። ርካሹም ይበቃል። ያለ እሱ ግምት ነው።
- 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ቁልፍ። የባትሪ ተርሚናሉ (ገመዱን ከባትሪው ምሰሶ ጋር የሚያስረው ማሰሪያ) ብዙ ጊዜ በ10 ይፈታል።
- የብርጭቆ ወረቀት ወይም የሽቦ ብሩሽ፣ ሙቅ ውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳ።
- ወፍራም የባትሪ ማገናኛ ገመድ። እንደ ስልክ ቻርጀር የቀጠነው ይግላል እንጂ ሞተር አያስነሳም።
- ጓንት፣ መነጽር፣ ቁልፍ የሚያዞርላችሁ አንድ ሰው።

ከዚያ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ። ይሄን አትዝለሉት፤ ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ሞተሪኖው ሲመታ ይራመዳል፣ እናንተ ደግሞ ፊት ለፊቱ ናችሁ።

ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር አውልቁ። የባትሪውን ፖዘቲቭ የምትፈቱበት ቁልፍ የመኪናውን ብረት ከነካ፣ እጃችሁም ላይ ቀለበት ካለ፣ ቀለበቱ በሰከንድ ውስጥ ይፈማል። ባትሪ አጠገብ ሲጋራም ክብሪትም የለም፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ሳታቋርጡ እጠቡና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ

ኮፈኑን ሳትከፍቱ የፊት መብራት አብሩና ረዳታችሁ ቁልፍ ያዙር። እናንተ ከፊት ቆማችሁ ስሙ፣ መብራቱንም እዩ። የምትሰሙት ነገር የት እንደምትሄዱ ይነግራችኋል።

1. ምንም ድምፅ የለም፣ ዳሽቦርዱም ጨለማ ነው። ባትሪው ሙቷል ወይ ተርሚናሉ ላልቷል ወይ ዋናው ፊውዝ ተቃጥሏል (ለፊውዙ ደረጃ 6ን እዩ)። ደረጃ 2 እና 3።
2. ጠቅጠቅጠቅጠቅ በፍጥነት፣ መብራቱም አብሮ ይርገበገባል። ኃይል አንሷል። ደረጃ 2 እና 3።
3. አንድ ጠንካራ ጠቅ ብቻ። ደረጃ 3፣ ከዚያ 5።
4. መብራቱ ቦግ እንዳለ ነው፣ ድምፅ ግን የለም። ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ደረጃ 6።
5. ሞተሪኖው ሞተሩን በጉልበት ያዞራል፣ ግን አይነሳም። ባትሪና ሞተሪኖውን ተዉት። ደረጃ 7።

አምስተኛው ላይ ስንት ሰው ባትሪ ሲገዛ አይቻለሁ መሰላችሁ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ከሆነ ባትሪው ሥራውን ሠርቷል።

ደረጃ 2፦ ባትሪውን ለኩ

ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ። ቀዩን ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጋቲቩ ላይ ያዙ። መኪናው አሁን ከመንገድ የገባ ከሆነ ልኬቱ ይዋሻል፤ የፊት መብራት 2 ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ትንሽ ጠብቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አድሮ ጠዋት መለካት ነው።

- 12.6 እና ከዚያ በላይ፦ ሙሉ ነው።
- 12.4 አካባቢ፦ ይሠራል።
- 12.2፦ ግማሽ ሆኗል። ደብረ ብርሃን በኅዳር ሌሊት ካደረ የናፍጣ ሞተር ላያነሳ ይችላል።
- ከ12 በታች፦ ባዶ ነው። መጀመሪያ ቻርጅ አስደርጉ፣ ፍርድ ከዚያ በኋላ።

ይሄ ግማሽ ልኬት ነው። ቴስተሩ ሳይነሳ ረዳታችሁ ቁልፍ ያዙር፤ ሞተሪኖው ሲመታ ቁጥሩ ስንት ድረስ ወረደ? ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪውም ቀደም ብሎ ሙሉ ከነበረ፣ ባትሪው ውስጡ አልቋል። ቆሞ 12.6 የሚያሳይ፣ ሲጫን ግን 7 የሚገባ ባትሪ አለ። ነጋዴው ሊሸጥላችሁ ሲል ቆሞ ብቻ ለክቶ ያሳያችኋል፣ እዚያ ላይ ንቁ።

ሌላ ምልክት፦ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ 10.5 አካባቢ የሚቆም ባትሪ ካለ አንድ ክፍሉ ሞቷል። ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ነው፤ አንዱ ሲቀነስ እዚያ ይደርሳል። መድኃኒት የለውም፣ ይቀየር።

የሚከፈት ክዳን ካለው ውሃውን እዩ። ሰሌዳዎቹ ከላይ ደርቀው ከታዩ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። አሲድ መጨመርም አይሆንም፤ ‹‹ትንሽ አሲድ ይሁን፣ ይነቃቃል›› የሚላችሁን አትስሙ፤ ለሳምንት ያነቃውና ሰሌዳውን ይበላዋል።

ደረጃ 3፦ ተርሚናልና ማሳ

ብዙው ጥፋት እዚህ ነው ያለው። ቀስ ብላችሁ ሥሩ።

1. ሁለቱንም ተርሚናሎች በእጅ ያዙና ለማዞር ሞክሩ። ትንሽም ከተንቀሳቀሱ ላልተዋል።
2. ስትፈቱ ኔጋቲቩን ቀድማችሁ ፍቱ። ስትመልሱ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይግባ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።
3. ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ አፍስሱበት። አረፋው እስኪያቆም ጠብቁና በንጹህ ውሃ እጠቡ። የባትሪው ክዳኖች የተዘጉ ይሁኑ፣ ሶዳው ውስጥ መግባት የለበትም። (ኮካ የሚያፈሱ አሉ። ይሠራል፣ ግን ስኳሩን ማን ያጥበዋል?)
4. የባትሪውን ምሰሶም የተርሚናሉን ውስጥም በብርጭቆ ወረቀት እርሳሱ (የምሰሶው ብረት) እስኪያበራ ፈትጉ።
5. መልሱና አጥብቁ። መዶሻ አትጠቀሙ፤ ምሰሶው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል።

ተርሚናሉ ተጠርጎም አንድ ጠቅ ብቻ ከሆነ ወደ ማሳ ሂዱ። ከኔጋቲቩ ተነስቶ አንዱ ወደ ሞተሩ ብረት፣ አንዱ ወደ ቦዲው ወይም ሻንሲው የሚሄድ ገመድ አለ። ሞተሩ ላይ የታሰረበት ብሎን በዘይትና በጭቃ የተሸፈነ ነው፣ ማንም ከላይ ሆኖ አያየውም።

በቴስተር እንዲህ ይለካል። ጥቁሩን የባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ ያዙ፤ ተርሚናሉን ሳይሆን ራሱን እርሳሱን። ቀዩን የሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀለምና ዘይት የሌለበት ቦታ። ረዳታችሁ ቁልፍ ሲያዞር ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው በሽተኛ ነው። ያው ልኬት በፖዘቲቩም ይሠራል፦ ከፖዘቲቭ ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን፣ ሞተሪኖው ሲመታ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም።

ቴስተር የለም? እንግዲያው የማገናኛውን ጥቁር ገመድ አንሱ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ ንከሱት። ቁልፍ አዙሩ። ከተነሳ ጨርሳችኋል፤ የማሳ ገመድ ቀይሩ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። እኔ ይሄን ባውቅ ኖሮ ያን ባትሪ አልገዛም ነበር።

ገመዱ ሲቀየር ውፍረቱ ከድሮው አይነስ። ብሎኑ የሚቀመጥበትን ብረትም ፈትጉት። አዲስ ገመድ ዝገት ላይ ማሰር ዋጋ የለውም።

ደረጃ 4፦ ከሌላ መኪና ባትሪ ማስነሳት

በመጀመሪያ ኃይል የሚሰጣችሁ መኪና 12 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ። ሲኖትራክና መሰል ትልልቅ መኪናዎች ሁለት ባትሪ አገናኝተው በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። መንገድ ላይ ደግሞ ቶሎ የሚቆምላችሁ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ልቡም ጥሩ ነው፤ አመስግናችሁ አሰናብቱት። 24 ቮልት ዲ-ፎር-ዲ ላይ ከገባ ኮምፒውተሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

1. መኪናዎቹ አይነካኩ። ሁለቱም ይጥፉ።
2. ቀይ ገመድ የሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ።
3. የቀዩ ሌላ ጫፍ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ።
4. ጥቁር ገመድ የደህናው ኔጋቲቭ ላይ።
5. የጥቁሩ ሌላ ጫፍ የእናንተ መኪና ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ። ባትሪው ላይ አይደለም። መጨረሻ ላይ ብልጭታ ይኖራል፣ ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ መራቅ አለበት።
6. ደህናውን መኪና አስነሱና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ የእናንተን ሞክሩ።
7. ስትፈቱ በተቃራኒው ቅደም ተከተል።

አንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ በመሃል ግማሽ ደቂቃ እረፍት ስጡት። ገመዱ ከጋለና ጠቅ ብቻ ከሆነ ገመዱ ቀጭን ነው፣ ወይም ጥፋቱ ባትሪ አይደለም። ባትሪው ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ይሄን ደረጃ ጭራሽ አትሞክሩት።

ደረጃ 5፦ ሞተሪኖው

ባትሪው ደህና፣ ተርሚናሉ ንጹህ፣ ማሳው ደህና። አሁንም አንድ ጠቅ። አሥር ጊዜ ስታዞሩ በአሥራ አንደኛው ይነሳል። ይሄ የቶዮታ ሞተሪኖ የታወቀ ጠባይ ነው።

ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ተስቦ ኃይል የሚያገናኝ ክፍል) ውስጥ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቁልፍ በዞረ ቁጥር አንድ የመዳብ ክብ መጥቶ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፣ በተገናኙ ቁጥርም ይቃጠላሉ። ዓመታት ሲያልፉ አንደኛው፣ ብዙ ጊዜ የባትሪው በኩል ያለው፣ እንደተነከሰ ጥፍር ይጎደጉዳል። ያኔ ክቡ አንዱን ይነካል፣ ሌላውን ይስታል። ጠቁ የሚሰማችሁ ክቡ ሲመጣ ነው፤ ኃይሉ ግን አያልፍም።

ለማረጋገጥ፦ ሶሌኖይዱ ላይ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ለኩ። ረዳታችሁ ቁልፍ ሲያዞር 12 ቮልት አካባቢ ከደረሳት፣ ወፍራሙ የባትሪ ገመድም ኃይል ካለው፣ ሞተሪኖው ግን ካልዞረ ችግሩ ውስጡ ነው።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ረዳታችሁ ቁልፉን ይዞ ሳለ በመዶሻ እጀታ ሞተሪኖውን መታ መታ አድርጉት። ካርቦኑ (ሞተሪኖው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያደርሰው ቁራጭ) ወይም መዳቡ ቦታ ይይዝና አንዴ ይነሳል። አንዴ ነው ያልኩት። ቤት እስክትደርሱ ሞተሩን አታጥፉ።

ጋራዥ ስትሄዱ ‹‹ሞተሪኖው ይቀየር›› ከመባሉ በፊት ‹‹የሶሌኖይዱ መዳብና ካርቦኑ ይታይልኝ›› በሉ። ሞተሪኖውን ከማስወረዳቸው በፊት ኔጋቲቩ ይፈታ። አሮጌውን መዳብ አምጡልኝ ብላችሁ በዓይናችሁ እዩት።

በካቻቪቴ ሞተሪኖውን ማገናኘት የሚባል ነገር አለ። ታውቁታላችሁ። ማርሽ ውስጥ የቀረ መኪና ሰው ላይ የሚወጣው በዚህ ነው። እኔ አልመክርም።

ደረጃ 6፦ መብራት አለ፣ ጠቅ እንኳ የለም

ከቀላሉ ጀምሩ።

1. አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከተነሳ የማርሽ ስዊቹ ነው።
2. ማንዋል ከሆነና ፍሪሲዮን ሳይረገጥ የማይነሳ ዓይነት ከሆነ፣ ከፔዳሉ ላይ ያለችውን ስዊች በእጅ ተጫኗት። ጎማዋ ተበልቶ ወይም ምንጣፍ ፔዳሉን አግዶት ሊሆን ይችላል።
3. የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ገልብጡ፣ ሥዕሉ እዚያ አለ። በላቲን ፊደል ‹‹ኤኤም1››፣ ‹‹ኤኤም2›› እና ‹‹ኤስቲ›› የተባሉትን ፈልጉ። ፊውዙን በዓይን ብቻ አትመኑ፣ በቴስተር ለኩት።
4. የስታርተር ሪሌውን አውጡና ቁጥሩ ከሱ ጋር አንድ ከሆነ ሌላ ሪሌ ጋር አቀያይሩ። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው።
5. ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሶሌኖይዱ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ ቁልፍ ሲዞር ኃይል ከሌላት ኢግኒሽን ስዊቹን ጠርጥሩ። ቁልፉን ወደ ላይ ወደ ታች እየነቀነቃችሁ ስታዞሩ አንዳንዴ ከያዘ እሱ ነው።

ፊውዝ በዚያው አምፔር ይተካል። ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30። በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት ፊውዙን ያድናል፣ ሽቦውን ግን ያቃጥላል። አዲስ ያስገባችሁት ወዲያው ከተቃጠለ ደግሞ ሦስተኛ አታስገቡ፤ የተላጠ ሽቦ አለ። አይጥ የሚገባበት ግቢ ከሆነ መጀመሪያ የበላችውን ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ ሞተሪኖው ይመታል፣ ሞተሩ አይነሳም

በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ የናፍጣ ፖምፓው ጀርባ አንዲት ሽቦ ብቻ የታሰረችበት ሶሌኖይድ አለ። ኃይል ካላገኘች ናፍጣ አታሳልፍም። ቁልፉን ሞተሪኖው ሳይመታ አብሩት፣ ሽቦዋን ንቀሉና መልሱ። ስትመልሱ ጠቅ ማለት አለባት። ካላለች ሽቦው ላይ 12 ቮልት መኖሩን ለኩ። ኃይል ካለ ሶሌኖይዷ ሞታለች። ከሌለ ፊውዙንና ሽቦውን ተከተሉ።

ጠዋት ብቻ እምቢ የሚል፣ ቀን ግን የሚነሳ ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን እዩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የጥቅልል ሽቦ ምልክት እስክትጠፋ ጠብቁ። ምልክቷ መብራቷ ግን ካንዴላው መሞቁን አያሳይም፤ ካንዴላዎቹን የሚያገናኘው ብረት ላይ ቴስተር አድርጋችሁ ቁልፍ ሲበራ ኃይል መድረሱን ለኩ።

ዲ-ፎር-ዲ ላይ ደግሞ የኢሞቢላይዘር መብራቷን እዩ። ቁልፉን ስታበሩ ካልጠፋች ወይም ብልጭ ድርግም ማለቷን ከቀጠለች መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክሩ። ተባዝቶ የተቀረጸ ቁልፍ ቺፕ ከሌለው በር ይከፍታል፣ ሞተር ግን አያስነሳም።

ቴስተርም ማገናኛ ገመድም ከሌለ፦ መግፋት

ማንዋል ብቻ። አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም። ቁልፉን አብሩ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ፤ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ልቀቁ፣ እንደተነሳ መልሳችሁ ርገጡ። የድሮው ሜካኒካል ሞተር ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ዲ-ፎር-ዲ ግን ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ኃይል ከሌለ ብትገፉት አይነሳም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እስኪነሳ መሪውም ፍሬኑም ይጠጥራል፣ ተዘጋጁ።

ደረጃ 8፦ ከተነሳ በኋላ

አሁን ባትሪውን እንደገና ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። 12 ነገር ከሆነ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) አይሞላም፦ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ፣ ከኋላው ያለው ሶኬት ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ተበላሽቷል፣ አዲሱንም ባትሪ ያፈላዋል። ሞተር እየሠራ ተርሚናል ፈትቶ ዲናሞን መፈተን የድሮ ዘዴ ነው፤ ኮምፒውተር ያለው መኪና ላይ አታድርጉት።

ዲናሞው ደህና ሆኖ ባትሪው አድሮ የሚወርድ ከሆነ የሚጠጣው ነገር አለ። ሁሉን አጥፉ፣ ቁልፍ አውጡ፣ ኔጋቲቩን ፈትታችሁ ቴስተሩን በ10 አምፔር ቀዳዳው በኩል በተርሚናሉና በምሰሶው መካከል አስገቡት። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከ0.05 አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደወረደ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ኋላ የተገጠመ ነገር ነው፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ቴፕ። ቴስተሩ እዚያ እንዳለ ቁልፍ እንዳታዞሩ፣ ይቃጠላል።

ትናንት ላቫጆ ገብቶ ዛሬ እምቢ ያለ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና ፀሐይ ላይ አቁሙት። ሶኬቶቹን እየነቀላችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አንስታችሁ ውሃ እንዳለ እዩ። ሁለት ሰዓት ስጡትና እንደገና ሞክሩት።